ሐሰተኛው አንድ፣ ክርክሩ ሁለት

ከአንድ ድርጅት መጋዘን 40 ካርቶን ዘይት ጎደለ እንበል። አብሮ የሚሠራ ሰው ለሥራ አስኪያጁ «ማታ ስታስወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ» አለ። በማግስቱ የመጋዘን ሠራተኛዋ የሰው ሀብት ክፍል ተጠርታ «ቃልሽን ስጪ» ተባለች። ነገሩ ፈጽሞ ውሸት ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በእጇ ያለው ጉዳይ ሁለት ነው። አንዱ ከአሠሪዋ ጋር ነው፤ ታግዳለች ወይ፣ ትባረራለች ወይ፣ ደመወዟ ይቆረጣል ወይ የሚለው። ሌላው ስሟን ካጠፋው ሰው ጋር ነው። ሁለቱ በተለያየ ሕግ ይመራሉ፣ በተለያየ ችሎት ይታያሉ፣ የይርጋ ጊዜያቸውም (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) የተለያየ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ንዴቱ ሁሉ ወደ ሐሰተኛው ይሄዳል። ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ፣ ሽማግሌ ሲያስገባ፣ «እውነቱ ይውጣና» ሲል አሠሪው ላይ ሊያቀርበው የሚገባው ክስ ቀኑ ያልፍበታል። እንጀራው ያለው ግን ከአሠሪው ጋር ባለው ክርክር ውስጥ ነው።

እዚህ የምጽፈው በኢትዮጵያ በግል ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሰው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴና የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለው። የሥራ መሪ የሆነም በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የእሱን ውል የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። «ሱፐርቫይዘር» ወይም «ማናጀር» የሚል መጠሪያ ስላለዎት ብቻ ግን የሥራ መሪ ነኝ ብለው አይደምድሙ። የሚታየው የሥራው ባሕርይ ነው፤ መቅጠር፣ ማሰናበት፣ መቅጣት፣ የድርጅቱን ፖሊሲ ማውጣት ይችላሉ ወይ የሚለው።

የመጀመሪያው ቀን

ውንጀላው በቃል ከተነገረዎት መልሱን በጽሑፍ ይስጡ። «ውሸት ስለሆነ መልስ አያስፈልገውም» ማለት ኩራት ሊመስል ይችላል። ከ6 ወር በኋላ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን ዝም ያለ ሰው የተቀበለ ይመስላል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ስድብ አይኑርበት፣ ስለ ከሳሹ ጠባይ አንድም ቃል አይግባበት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በቀን … በ… ክፍል ተጠርቼ፣ በቀን … ከመጋዘን 40 ካርቶን ዘይት አስወጥተሻል የሚል ቃል እንደቀረበብኝ በቃል ተነግሮኛል። ይህን ድርጊት አልፈጸምኩም። በተባለው ቀን ከሥራ የወጣሁት በ… ሰዓት ሲሆን የመውጫ መዝገቡ ያስረዳል። ስለዚህ፦ የቀረበብኝ ቃል በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ በተባለው ቀን የተቀረጸው የካሜራ ምስል፣ የጥበቃ መዝገቡና የዕቃ ወጪ ሰነዶቹ ተጠብቀው እንዲቆዩ፣ ምስክሮቼ … እና … እንዲሰሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ ቀን፣ ፊርማና የገቢ ማኅተም ያስመቱና ይዘውት ይሂዱ። አንቀበልም ካሉ በዚያው ቀን በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩት፤ ደረሰኙም ማስረጃ ነው። በድርጅቱ ኢሜይል ብቻ መላክ አይበቃም፤ የታገዱ ዕለት መግቢያው ሊዘጋብዎ ይችላል።

የካሜራውን ነገር በመጀመሪያው ደብዳቤ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። አብዛኛው የደኅንነት ካሜራ ማከማቻው ሲሞላ በአሮጌው ምስል ላይ ደርቦ ይቀርጻል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ምስሉ አይቆይም። በጊዜው በጽሑፍ ጠይቀው ከነበረ ግን «ማስረጃው በእጃቸው ነበር፣ እንዲያቆዩትም ጠይቄ ነበር» ብለው መከራከር ይችላሉ። ዳኛው ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ነው።

እዚሁ ላይ ሦስት አደጋዎች አሉ። ሦስቱም ንጹሕ ሰውን በእውነተኛ ምክንያት የሚያስባርሩ ናቸው።

አንደኛው ጠብ ነው። ከሳሹን በመሥሪያ ቤቱ ካፌ ውስጥ አግኝቶ አንገቱን የያዘ ሰው አለቀለት። የአዋጁ አንቀጽ 27 እንደ ጥፋቱ ክብደት ታይቶ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ወይም ጠብ ማንሣትን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ያደርገዋል። ስርቆቱን ማስረዳት ያልቻለ አሠሪ ጠቡን በቀላሉ ያስረዳል፤ ምስክሩ የካፌው ሰው ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ሰነድ ይዞ መውጣት ነው። ራስን ለመከላከል ተብሎ የቢን ካርዱን (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ወይም የወጪ ሰነዱን ዋና ቅጂ በቦርሳ አድርጎ መውጣት የድርጅቱን ንብረት ያለ ፈቃድ ማውጣት ሆኖ ይቆጠራል። አንቀጽ 14 ይከለክለዋል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ያሰናብታል። የሰነዱን ቁጥር፣ ቀንና ያለበትን ክፍል ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። ፍርድ ቤት ሲደርስ «ሰነዱ በተከሳሽ እጅ ስለሚገኝ እንዲቀርብ ይታዘዝልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚያ ግን የትኛው ሰነድ እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። «ያሉት ሰነዶች ሁሉ ይቅረቡ» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ፊርማ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋውም እሱ ነው። «ስምሽ ከሚጠፋ በራስሽ ፈቃድ ልቀቂ፣ እኛም ነገሩን እንተወዋለን» የሚል ምክር ይመጣል። በደግነትም ሊነገር ይችላል። «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄአለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ከሕግ ውጪ ተሰናበትኩ ብሎ ለመክሰስ መሠረቱን በገዛ እጁ አፈረሰ። ያስፈረሙኝ በግድ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን የማስረዳቱ ሸክም በፈራሚው ላይ ይወድቃል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለብቻ የተባለን ነገር ማስረዳትም ከባድ ነው። ጉድለቱን እከፍላለሁ የሚል የውል ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ጥፋትን እንደማመን ይነበባል። ሲያስፈርሙዎት «አንብቤ፣ አማክሬ ነገ እመልሳለሁ» ማለት መብትዎ ነው። ደብዳቤ መቀበልዎን ብቻ የሚያሳይ ፊርማ ከሆነ ደግሞ ከፊርማዎ አጠገብ «መቀበሌን ብቻ ለማረጋገጥ፣ በይዘቱ አልስማማም» ብለው በእጅዎ ይጻፉ።

ሳያስፈርሙ ከደመወዝ መቁረጥ ከጀመሩ፣ ሕጉ መቁረጥ የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (ሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በተፈራረሙት)፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም።

እግድና የዲሲፕሊን ስብሰባ

ለማጣራት ተብሎ ከሥራ ማገድ ይቻላል፤ ምክንያቶቹ በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ይችላሉ፤ እግዱ ግን ከ30 የሥራ ቀን አይበልጥም። የእግድ ደብዳቤው የተጻፈበትን ሳይሆን የደረሰዎትን ቀን ይመዝግቡ። በእግዱ ጊዜ ስልክዎ ክፍት ይሁን፣ ሲጠሩ ይሂዱ። አለመቅረብ «ቀርቦ አላስረዳም» የሚል ቃለ ጉባኤ ያስጽፋል።

ሌላ 30 የሥራ ቀንም አለ፤ ይኼኛው ለእርስዎ የሚጠቅም ነው። አሠሪው በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ያለው መብት ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 5 ሳምንት ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ አሠሪው መቼ አወቀ የሚለው ጥያቄ ወርቅ ነው። ባልደረባዎ ቃሉን ለሥራ አስኪያጁ የሰጠው መስከረም ውስጥ ሆኖ የስንብት ደብዳቤው ኅዳር መጨረሻ ላይ ከወጣ ይርጋን መቃወሚያ አድርገው ያነሣሉ። አሠሪው «በትክክል ያወቅሁት የምርመራው ሪፖርት ሲቀርብ ነው» ብሎ እንደሚከራከር ይጠብቁ፤ አንዳንዴም ይሳካለታል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ላይ የተጠሩበትን ቀን ማስፈር ያለብዎት። ያ ቀን አሠሪው ከሪፖርቱ በፊት ያውቅ እንደነበር ያሳያል።

ስብሰባው ላይ ሲቀርቡ ጥያቄዎ በዝርዝሩ ላይ ይሁን። ምስክሩ ያየው በስንት ሰዓት ነው? የት ቆሞ? መብራት ነበረ? ዕቃው በምን መኪና ወጣ? የበር ፈቃዱን ማን ፈረመ? 40 ካርቶን ዘይት በቦርሳ አይወጣም። ከዚያም ቆጠራው፦ የመጨረሻው ቆጠራ መቼ ተደረገ፣ በዚያና በአሁኑ መካከል ቁልፍ የያዙት ስንት ሰዎች ናቸው፣ የገቢ ሰነዱና የቢን ካርዱ ይመሳሰላሉ ወይ? ብዙ «ስርቆት» የተባለ ጉድለት ሲመረመር ገቢ ተደርጎ በሰነድ ያልተመዘገበ፣ ወይም ወጥቶ ከካርዱ ያልተቀነሰ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። ሐሰተኛው ምስክር የሚሰበረው በዚህ ነው። «ይጠላኛል» የሚለው ክርክር ለብቻው ብዙ አያስኬድም፤ ጥላቻውን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ቀደም ብለው በእሱ ላይ ያቀረቡት የጽሑፍ ሪፖርት ካለ ግን ያያይዙት።

ቃለ ጉባኤው ላይ የተናገሩት ካልሰፈረ አይፈርሙ፤ ወይም ያልሰፈረውን በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙ። መሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር ካለ ተወካዩ እንዲገኝ ይጠይቁ። የኅብረት ስምምነቱንም ያንብቡ፤ የዲሲፕሊን ሥነ ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው፣ አሠሪው ያንን መዝለሉም ክርክር ይሆናል።

ከተሰናበቱ

ሕጉ ምክንያቱንና ቀኑን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይጠይቃል። በተግባር ግን ጥበቃው በር ላይ «እንዳትገባ ተብለሃል» ብሎ የሚመልሰው ሰው ብዙ ነው። እቤት ገብቶ የተቀመጠ እንደሆነ ከሳምንት በኋላ «ከሥራ ቀረ» የሚል ደብዳቤ ይለጠፋል። ስለዚህ በዚያው ቀን «ዛሬ በ… ሰዓት ለሥራ መጥቼ በጥበቃ ተከልክያለሁ፤ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ ተሰናብቼ ከሆነ ደብዳቤው ይሰጠኝ» ብለው ይጻፉ፣ በሪኮማንዴ ይላኩ። በማግስቱም ሁለት ሰው ይዘው በሩ ድረስ ይሂዱ። ምስክሮችዎ እነሱ ናቸው።

የክስ ቀኖቹ እንዲህ ናቸው። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመጠየቅ የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ 3 ወር። ከስንብቱ የሚመነጩ ክፍያዎችን ለመጠየቅ 6 ወር። 3 ወሩ በሽምግልና መሐል ያልቃል፤ ሽማግሌ ይግባ፣ ክሱም ይግባ። ክስ መክፈት ዕርቅን አይዘጋም። ሠራተኛው በሥራ ክርክር ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ሕጉ ለሥራ ክርክር ችሎቱ ውሳኔ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ይዘገያል፤ ግን ከተራ የፍትሐ ብሔር ክስ ይፈጥናል። ይግባኝ ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል።

ክሱ ላይ የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ እያንዳንዱ ምስክር የሚያስረዳው ጭብጥ፣ የሰነዶች ዝርዝርና በማን እጅ እንዳሉ ይለያል። ማስረጃን «በኋላ አቀርባለሁ» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው፤ በኋላ ለማስገባት በቂ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አለ።

ስንብቱ በቂ ምክንያት እንደነበረው የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው። የባልደረባው ቃል ብቻ ካለው ያ ሰው ችሎት ቀርቦ ይመሰክራል፤ በመስቀለኛ ጥያቄም ይፈተናል። በቢሮ ውስጥ ደፍሮ ያወራ ሁሉ በመሐላ አይደፍርም።

ገንዘቡን ደግሞ እናስላው። ሠራተኛዋ 6 ዓመት ሠርታለች፣ ደመወዟ 18,000 ብር ነው፣ ለግምት ለ30 አካፍለን የቀን ደመወዟን 600 ብር እንበል። ስንብቱ ከሕግ ውጪ ተብሎ ወደ ሥራ ካልተመለሰች፦ ካሣ 180 ጊዜ 600፣ 108,000 ብር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ የማስጠንቀቂያ ጊዜው 2 ወር ስለሆነ 36,000 ብር። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ጊዜ የቀን ደመወዝ፣ 18,000፤ ለቀጣዮቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ 6,000 በ5፣ 30,000፤ ድምሩ 48,000 ብር። በጠቅላላ 192,000 ብር፤ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ሳይጨመር። ወደ ሥራ እንድትመለስ ከተፈረደ ደግሞ ውዝፍ ደመወዝ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ ይግባኝ ሰሚው ሲያጸናው እስከ 1 ዓመት ይከፈላል። ክርክሩ 2 ዓመት ቢፈጅም ውዝፉ ከዚህ አያልፍም።

መመለስ ወይስ ካሣ? ይህ የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ነው፤ እኔ ግን ክሱ ላይ በመጀመሪያ መመለስን፣ ይህ ካልሆነ በአማራጭ ካሣን መጠየቅ የተሻለ ነው እላለሁ። በሐሰት ሌባ ለተባለ ሰው «ወደ ሥራ ይመለስ» የሚል ፍርድ ከገንዘብ የበለጠ ስም ያድሳል። ዳኛው ግን ግንኙነቱ ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ፣ ሠራተኛው ልመለስ ቢልም በካሣ ሊያሰናብት ይችላል። የወነጀለዎት ባልደረባ አሁንም በዚያው ክፍል ካለ ይህ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። በሌላ ቅርንጫፍ ወይም ክፍል ለመሥራት ፈቃደኛ መሆንዎን ቀድመው ይግለጹ።

ሐሰተኛውን መክሰስ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 ስም ማጥፋትን ይደነግጋል፤ በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳለቂያ የሚያደርግ፣ መታመኑን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ማድረግ ነው። ተናጋሪው ለመጉዳት ባያስብ እንኳ ሊጠየቅ ይችላል። የተናገረው እውነት መሆኑን ካስረዳ ግን፣ ለመጉዳት ብቻ አስቦ ካልሆነ በስተቀር፣ ይድናል። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

የሕሊና ጉዳት ካሣ ጣሪያው በአንቀጽ 2116 መሠረት 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የጠበቃ የትራንስፖርት ወጪም አይሸፍንም። ሕጉ እንደዚሁ መቆየቱ ያሳዝነኛል፤ የሰው ስም 1,000 ብር አይደለም። ስለዚህ የክሱ ክብደት በቁሳዊ ጉዳት ላይ ይሁን፤ ጣሪያው እዚያ አይሠራም። በውንጀላው ምክንያት የታጣ ደመወዝ፣ የተሰረዘ ዕድገት፣ የቀረ ቦነስ፣ ለክርክር የወጣ ወጪ፤ ሁሉም በሰነድ። «አዲስ መሥሪያ ቤት ሊቀጥረኝ ሲል ሰምቶ ተወኝ» የሚል ጉዳት ከሆነ ያንን የሚመሰክር ሰው ከሌለ አይገኝም። ከአሠሪው ያገኙትን ክፍያ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ከባልደረባው መጠየቅ አይቻልም። ከገንዘብ ሌላ ፍርድ ቤቱ የስም ማጥፋቱን ውጤት የሚያስቀር ማስታወቂያ በተከሳሹ ወጪ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል፤ ብዙ ከሳሾች ይህን ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ማስተካከያ ከ1,000 ብሩ ይበልጣል።

ጥያቄው ለማን ነገረ የሚለው ነው። ለቅርብ አለቃው ብቻ፣ በሥራው ግዴታ፣ ያየሁ መሰለኝ ብሎ ሪፖርት ያደረገ ሰውና ሻይ ቤት ተቀምጦ «ያቺ ሌባ» እያለ ለሁሉም ያዳረሰ ሰው በዳኛ ዓይን አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ላይ ክስዎ ጠንካራ ነው። የሰሙትን ሰዎች ስም፣ የተባለውን ቃል እንደተባለው፣ ቀንና ቦታውን በዚያው ምሽት ይመዝግቡ። «ስሜን አጠፋው» የሚል ክስ በቃሉ ካልተደገፈ አይቆምም፤ ምን አለ የሚለው ቃል በቃል መጻፍ አለበት። ፍርድ ቤት ቀርቦ በምስክርነት የተናገረውን ግን በስም ማጥፋት መክሰስ አይቻልም፤ በክርክር ሂደት ለተነገረ ቃል ሕጉ ከለላ ይሰጣል። ያ በመሐላ የተሰጠ ቃል ውሸት ከሆነ መንገዱ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453፣ የሐሰት ምስክርነት ነው።

በወንጀል በኩል ስም ማጥፋት በአንቀጽ 613 ያስቀጣል፤ ተናጋሪው ውሸት መሆኑን እያወቀ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። በግል አቤቱታ የሚታይ ወንጀል ስለሆነ አቤቱታው ወንጀሉን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ቃሉ በቴሌግራም ግሩፕ ወይም በፌስቡክ የተሰራጨ ከሆነ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 አለ፤ ይህም በአቤቱታ የሚታይ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። መልእክቱ ከመሰረዙ በፊት ስክሪን ሾት ያንሡ፤ የላኪው ስምና ስልክ ቁጥር፣ የግሩፑ ስም፣ ቀንና ሰዓቱ አብረው ይታዩ። የግሩፑ አባል የሆነ ሌላ ሰውም በራሱ ስልክ ያንሣው። የእርስዎ ስልክ ብቻ ከሆነ «ራሱ አቀናብሮት ነው» የሚል መልስ ይመጣል።

ባልደረባው ንጹሕ መሆንዎን እያወቀ ፖሊስ ጋ ሄዶ ከወነጀለ ከስም ማጥፋት የሚከብድ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 በሐሰት መወንጀልን ይቀጣል። ለዚህ ግን ማወቁ መረጋገጥ አለበት። ዐቃቤ ሕግ በእርስዎ ላይ የተከፈተውን መዝገብ ማስረጃ የለም ብሎ መዝጋቱ ብቻ ጥቆማው የሐሰት እንደነበረ አያስረዳም። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ፖሊስ ለቀቀኝ ወይም በወንጀል ነጻ ተባልኩ ማለት የሥራ ክርክሩን በራሱ አያሸንፍም። አሠሪው የእምነት ማጉደሉን በሥራ ክርክር ደረጃ ላስረዳ ሊል ይችላል። ስለዚህ የወንጀሉን ውጤት እጠብቃለሁ ብለው 3 ወሩን አያሳልፉ።

ፖሊስ ቢጠራዎ ዝም የማለት መብት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ፤ ከተያዙም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብዎት። ያላነበቡት ቃል ላይ አይፈርሙ።

የሐሰት ነው ከማለት በፊት

ያልተረጋገጠ ውንጀላ ሁሉ ውሸት አይደለም። በተለይ የጾታ ትንኮሳ አቤቱታ ሲሆን ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ትንኮሳ ያለ ምስክር የሚፈጸም ነገር ስለሆነ ብዙ እውነተኛ አቤቱታ ማስረጃ አጥቶ ይቀራል። አቤቱታ ያቀረበችን ሴት በስም ማጥፋት ክስ ማስፈራራት ለሌሎቹም አፍ መዝጊያ ይሆናል፤ ውሸት ነው ብለው እርግጠኛ የሆኑ ሰው እንኳ በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ መከላከያውን ያቅርብ፣ ምርመራው ይለቅ፣ የመልስ ክሱ ከዚያ ይመጣል። በምርመራው ጊዜ አቤት ባይዋን በአማላጅም ቢሆን ማነጋገር ምስክር ማባበል ተደርጎ ይወሰዳል።

ያልተባረሩ፣ ያልታገዱ፣ ግን በየቀኑ «ሌባው መጣ» እየተባሉ የሚሠሩም አሉ። ለአሠሪው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቃሉን፣ ቀኑን፣ ሰሚዎቹን ዘርዝረው እንዲያስቆም ይጠይቁ። አሠሪው ራሱ ወይም ሥራ መሪው ክብርዎን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለቀው ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ድርጊቱ በተፈጸመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቀው ካልተጠቀሙበት ይቀራል። የተራ ባልደረባ ስድብ ለብቻው ለዚህ አይበቃም፤ ይህን መንገድ ያለ ጠበቃ ምክር አይሞክሩት።

ጉዳዩ በዕርቅ ካለቀ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ሦስት ነገር ይግባበት፦ ውንጀላው መሠረት እንደሌለው የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የዲሲፕሊን ወረቀቶቹ ከግል ማኅደር እንደሚወጡ፣ ክፍያ ካለ ቀኑ። በስንብት ካለቀ ደግሞ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃውንም ያለ ክፍያ ይሰጡዎታል። ሕጉ በማስረጃው ላይ እንዲገለጽ የሚጠይቀው ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። «በእምነት ማጉደል የተሰናበተች» የሚል መስመር ከታከለበት ተቀብለው አይሂዱ፤ በዚያው ቀን በጽሑፍ እንዲስተካከል ይጠይቁ፣ እንቢ ካሉም የሥራ ክርክር ክስዎ ላይ አንዱ ጥያቄ አድርገው ያስገቡት።